ጽሑፍዎን የት ያኑሩት? ድረ ገጽ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም ወይስ ቪዲዮ፦ ለሰሜን ሸዋ ጸሐፊዎች የቀረበ ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አዲስ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለችና አያስገርምም። ስልኩን ያነሣና ይጠይቃል፦ ብርዱ ምን ያህል ነው? ብርድ ልብስ ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያው ልግዛ? (በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ለምትታወቅ ከተማ ይህ ጥያቄ መቅረቡ ፈገግ ያሰኛል።) ይህን በደንብ የሚመልስ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው ምደባ በወጣ ቁጥር አዲስ አንባቢ ያገኛል። የዕለቱን የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ዋጋ የጻፈ ሰው ግን ጽሑፉ በማግስቱ አርጅቶ ይጠብቀዋል።

“ጎግልም ፌስቡክም አሠራራቸውን በየጊዜው ይለዋውጣሉ፤ እንግዲህ የት ልጻፍ?” ለሚሉ ሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው። የጽሑፉ ዕድሜ ሳይታወቅ ማኖሪያውን መምረጥ አይቻልም።

ሌላው መለኪያ ከውጭ አገር መመሪያዎች የማይገኝ፣ የእኛው የራሳችን ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገር አቀፍ ደረጃ ተገድበው ነበር። ገደቡ ተነሣ በተባለበት በዚያው ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠና ለወራት ቆየ። መብራቱም ቢሆን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱን አማራጭ ከሌላው ሳመዛዝን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ጸሐፊው ሁለት ወር ዝም ለማለት ቢገደድ ምን ይደርስበታል? “በየቀኑ ሳታቋርጡ ጻፉ” የሚለው የተለመደ ምክር ዳታና መብራት በየቀኑ ለሚያገኝ ሰው የተሰጠ ነው።

ድረ ገጽ፦ ፈልጎ ለሚመጣ አንባቢ

የራስ ድረ ገጽ ሲባል ብዙዎች ወጪውን ያስባሉ። ብሎገርን በመሳሰሉ አገልግሎቶች በነጻ መጀመር ይቻላል፤ ዶሜይን (የድረ ገጹን የራስ አድራሻ ስም) መግዛት ከፈለጉ ዓመታዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ መሆኑ ያስቸግራል እንጂ መጠኑ የሚያስፈራ አይደለም። ከባዱ ወጪ ትዕግሥት ነው። አዲስ ገጽ በጎግል ፍለጋ ላይ ቦታ እስኪይዝ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት የሚያጨበጭብልዎት ሰው አይኖርም።

ጎግል ስለሚያደርጋቸው ለውጦች ብዙ ይፈራል። ነገር ግን በተርታ ለተመለከታቸው ሰው አቅጣጫቸው የተምታታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓንዳ የተሰኘው ማሻሻያ ከሌላ የተገለበጡና ፍሬ የሌላቸው ገጾችን ወደ ታች አወረደ። በ2012 ፔንግዊን በገንዘብ የተገዙ ሊንኮችን ቀጣ። በ2019 መጨረሻ የፈላጊውን ዐረፍተ ነገር አገባብ ለመረዳት የሚያግዘው በርት የተባለው ሥርዓት ከሰባ በላይ ቋንቋዎች ሲዳረስ አማርኛም ከእነዚያ አንዱ ነበር። በነሐሴ 2022 ለሰው ጥቅም የተጻፈውን ለፍለጋ ሞተር ብቻ ከተጻፈው ለመለየት የታሰበ ማሻሻያ መጣ፤ በመጋቢት 2024 ይኸው ከዋናው የደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ጋር ተዋሐደ። በዚያው ወር የወጣው ደንብ በማሽን እየተረጎሙም ሆነ በሌላ መንገድ እያባዙ ለአንባቢ እምብዛም የማይጠቅም ገጽ በብዛት የሚያመርቱትን በስም ጠቅሶ ከለከለ። ከእንግሊዝኛ ገልብጦ በቀን ሃያ ጽሑፍ የሚለጥፍ ሰው እያንዳንዱ ለውጥ ያስደነግጠው ይሆናል። መንዝ ጓሳ ድረስ ሄዶ፣ ነዋሪው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በጋራ የሚጠብቅበትን የቆየ ሥርዓት ከአረጋውያን ጠይቆ የጻፈ ሰው ግን የሚያጣው ጥቂት ነው። እንዲያውም ጎግል በታኅሣሥ 2022 ለጥራት ገምጋሚዎቹ ባዘጋጀው መመሪያ ላይ “ልምድ” የሚል መመዘኛ ጨምሯል፤ ጸሐፊው ስለሚጽፈው ነገር በራሱ ያየው፣ የሞከረው ነገር አለ ወይ የሚል ነው።

ርዕስ ላይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። “የመንዝ ውበት ሲገለጥ” የሚል ርዕስ ለፌስቡክ ያምራል፤ በዚህ ስም ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው ግን የለም። “ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ጓሳ እንዴት ይኬዳል? መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ብርዱ” ብለው ቢጽፉ ጭላዳ ለማየት የተነሣ መንገደኛ የሚጠይቀውን ጥያቄ በራሱ ቃል አስቀመጡ ማለት ነው።

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ አለው። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ፈላጊዎች የጻፏቸው ቃላት በዝርዝር ይታያሉ። ስለ ደብረ ብርሃን የሚጽፍ ሰው ያንን ዝርዝር ሲከፍት የአንዲቱን ከተማ ስም በ“ሃ”፣ በ“ሀ”፣ በ“ሐ”፣ ተለያይቶም ተጣብቆም፣ በላቲን ፊደልም በተለያየ መንገድ ተጽፎ ያገኘዋል። መፍትሔው ሁሉንም በገጹ ግርጌ መደርደር አይደለም፤ ይህ በጎግል ደንብ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ርዕሱ ላይ የታወቀውን አጻጻፍ ይያዙ፤ በብዛት የሚፈለገውን ሌላ አጻጻፍ በጽሑፉ መካከል፣ ለምሳሌ በፎቶ መግለጫ ላይ፣ አንድ ጊዜ ያስገቡ። የቦታውን ስም “በ”፣ “ከ”፣ “የ” ሳይጨመርበት ቢያንስ አንድ ጊዜ መጻፍም አይከፋም።

ጽሑፍን በሥዕል ላይ አስፍሮ መለጠፍ ለድረ ገጽ አይበጅም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ መለያ) ውስጥ ገብቶ በየስልኩ ላይ በሚነበብበት ዘመን ሦስት አንቀጽ በፖስተር መልክ አስውቦ መለጠፍ ጽሑፉን ከፍለጋ መደበቅ ነው። ከዚህ ሌላ ጎግል ድረ ገጾችን የሚመዝነው በስልክ ላይ በሚታዩበት መልክ ስለሆነ፣ ገጹን በራስዎ ስልክ፣ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት ከፍተው ይሞክሩት። ፎቶዎቹ እስኪመጡ እርስዎ ከሰለቹ አንባቢው ከእርስዎ በፊት ወጥቷል።

ድረ ገጽን አሁን የሚፈታተነው አንድ እውነተኛ ለውጥ አለ። ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግል በመጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከዚያም በሌሎች አገሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማጠቃለያ ከውጤቶቹ በላይ ማሳየት ጀምሯል። መልሱን እዚያው ያነበበ ሰው ወደ ገጹ የመግባት ምክንያቱ ይቀንሳል። “ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?” ለሚል ጥያቄ 130 ገደማ ብሎ የሚመልስ ገጽ ወደፊት እምብዛም ጎብኚ አይኖረውም፤ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ መተው ነው። በክረምት ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ሾፌሮች ምን እንደሚያደርጉ፣ በየትኛው ሰዓት መተላለፍ እንደሚመርጡ የሚተርክ ጽሑፍ ግን በሦስት መስመር አይጠቀለልም።

ዝምታን በተመለከተ ድረ ገጽ ከሁሉም ይሻላል። እርስዎ ዳታ አጥተው በተቀመጡበት ወር አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ስለ አንኮበር ፈልጎ ጽሑፍዎን ያገኘዋል። በ2015ቱ ገደብ ወቅትም የተዘጉት ማኅበራዊ መድረኮቹ ነበሩ እንጂ ፍለጋው ይሠራ ነበር።

ፌስቡክ፦ ሰው ያለበት ቦታ

ፌስቡክ የገበያ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ እዚያ አለ፣ ጩኸቱ ብዙ ነው፣ ሲመሽ ሁሉም ይበተናል። አንድ ጽሑፍ እዚያ የሚኖረው ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከገጾችና ከዜና አውታሮች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ገጽ ከፍቶ “ተከታዮቼ ሁሉ ያዩልኛል” ማለት ከንቱ ተስፋ ሆኗል። ገጹን የወደደ ሰው የሚለጠፈውን ሁሉ አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው አልጎሪዝሙ (ልጥፎችን የሚመርጠው የመድረኩ የኮምፒውተር ቀመር) ይወድለታል ብሎ የገመተውን ነው።

የፌስቡክ ደግነት ዕድሜ እንደሌለውም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዜና አዘጋጆች ብሎ የከፈተውንና ጽሑፍ በፍጥነት እንዲነበብ የሚያደርገውን አገልግሎት በ2023 ዘጋው። ሥራቸውን በዚያ ላይ አደላድለው የነበሩ አዘጋጆች እንደገና መጀመር ነበረባቸው።

ሆኖም ፌስቡክን ተው አልልም። የመርሐ ቤቴና የመንዝ ተወላጆች ከያሉበት አገር የሚገናኙት እዚያ ነው፤ የድሮ ፎቶ አውጥቶ “ይህ ሰው ማን ነው?” ብሎ ለሚጠይቅ ጸሐፊ ከሌላ ቦታ የማይገኝ ምላሽ ይመጣለታል። አልጎሪዝሙም የሚያበረታታው ውይይት ያስነሣ ልጥፍን ነው። ልዩነቱን ግን ልብ ይበሉ፦ “አሜን ብለው ይጻፉ”፣ “ሼር ያላደረገ አገሩን አይወድም” የሚሉትን ኩባንያው ከታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅ እንደሚያደርግ በይፋ ተናግሯል። (አልጎሪዝም ከሰው ጋር በአንድ ነገር ተስማማ ከተባለ በዚህ ነው።)

ሊንክ ብቻ መለጠፍም አያዋጣም። የጽሑፉን አንድ ሙሉ ቁራጭ፣ ራሱን ችሎ የሚነበብ አድርገው ያስቀምጡና ቀሪው የት እንዳለ ይጠቁሙ። አንባቢው ባይመጣ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም።

ዝምታን ፌስቡክ ይቀጣል። መድረኩ ለሰው የሚያሳየውን የሚመርጠው ሰውየው ከገጹ ጋር በነበረው ቅርበት ስለሆነ፣ ወራት ጠፍቶ የተመለሰ ገጽ አንባቢዎቹን እንደ አዲስ መለማመን ይኖርበታል።

ቴሌግራም፦ ለሚከተልዎት ሰው

ቴሌግራም ቻናል የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቁ ልዩነቱ ልጥፎችን የሚያበላልጥ አልጎሪዝም በመካከል አለመኖሩ ነው፤ የላኩት መልእክት በላኩበት ቅደም ተከተል ለተመዝጋቢው ሁሉ ይደርሳል። ቻናሉን ድምፅ አልባ ያደረገ ተመዝጋቢ ቢኖርም መልእክቱ ቦታው ላይ ይጠብቀዋል። ሁለት ወር ጠፍተው ሲመለሱ የሚጽፉት የመጀመሪያ መልእክት ባይጠፉ ኖሮ በሚደርስበት መንገድ ይደርሳል። ይህ ለእኛ አካባቢ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም።

ለደካማ ኔትወርክም ይስማማል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ መልእክቱ እጅግ ቀላል ነው፣ አንድ ጊዜ ስልኩ ላይ ከወረደም መስመር በሌለበት ሰዓት ሊነበብ ይችላል። የአንድ መልእክት ጣሪያ 4,096 ሆሄ ነው፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ እንደ አንድ ስለሚቆጠር በላቲን ከሚጽፉት የበለጠ ሐሳብ ይያዝልናል። በእርግጥ ፎቶ ከተያያዘበት የመግለጫው ልክ ወደ 1,024 ይወርዳልና ረጅሙን ጽሑፍ ከፎቶው ለይቶ መላክ ይሻላል።

ጉድለቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ቴሌግራም ላይ የማያውቅዎት ሰው በአጋጣሚ እምብዛም አያገኝዎትም። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ አልዩ አምባ ገበያ የጻፉት ግሩም ጽሑፍ ከሺህ መልእክቶች በታች ተቀብሮ ይቀራል፤ አዲስ ተመዝጋቢ ያን ያህል ወደ ላይ ወጥቶ አያነብም። ስለዚህ ቴሌግራም የመጡትን ማቆያ ነው፤ አዲስ ማምጫ አድርጎ መቁጠር ያሳስታል። ጽሑፍዎ ሲጋራም በማስተላለፊያው ቁልፍ ከሆነ የቻናልዎ ስም አብሮ ይሄዳል፤ ቀድቶ የሚለጥፈው ግን የቻናልዎን ስም አብሮ አይወስድም፣ ስለዚህ ስምዎን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ማስፈር ልማድ ይሁንዎት።

ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና የቀሩት

ዩቲዩብ ከማኅበራዊ መድረክ ይልቅ ለፍለጋ ሞተር ይቀርባል፤ በደንብ የተሰየመ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላም ይታያል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋጋ የሚሰጠው ለተጫነው ብዛት ሳይሆን ሰው ተቀምጦ ለተመለከተው ጊዜ ነው። የማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት የተቀመጠው የቆየ መስፈርት 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው። ለጸሐፊ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፍዎን ካሜራ ፊት ቆመው ለማንበብ ካሰቡ አይድከሙ። የጣርማ በርን ዋሻ፣ የጓሳን ጭላዳ፣ ማየት የሚጠይቀውን ነገር ከሆነ ግን ቪዲዮው ከአሥር ገጽ ይበልጣል። ትልቅ ቪዲዮ ለመጫን የሚፈጀውን ዳታና ሰዓትም አስቀድመው ይቁጠሩ።

ቲክቶክ ተከታይ የሌለውን ሰው በአንድ ሌሊት ለብዙ ሰው ሊያሳይ የሚችል መድረክ ነው። በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ይረሳዋል። ለደራሽ ማስታወቂያ፣ ለበዓል ዝግጅት ይሆናል፤ ለታሪክና ለጥናት ጽሑፍ አልመርጠውም።

የኢሜይል ደብዳቤ ባሕር ማዶ ላሉ አንባቢዎች እንጂ ለአገር ቤቱ እምብዛም አይሠራም። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) የጋዜጠኞችና የፖለቲከኞች ሰፈር ስለሆነ የማኅበረሰብ ጽሑፍ አንባቢ እዚያ ጥቂት ነው።

ማን የትኛውን ይያዝ?

ስለ አካባቢው ታሪክ፣ ስለ ቦታዎችና ስለ ባህል የሚጽፍ መምህር ወይም አስጎብኚ ከሆኑ ድረ ገጹን ዋና ቤት፣ ቴሌግራሙን የአንባቢዎች መዝገብ ያድርጉ፤ ፌስቡክ ላይ በወር ጥቂት ጊዜ ብቅ ማለት ይበቃል። አንጎለላ የዳግማዊ ምኒልክ የትውልድ ቦታ መሆኗን የሚፈልግ ተማሪ ዘንድሮም፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ይኖራል።

የገበያ ዋጋ፣ የትራንስፖርት ወሬ፣ የስብሰባና የሥራ ማስታወቂያ የሚያሠራጩ ከሆነ ድረ ገጽ አያስፈልግዎትም። ቴሌግራም ይብቃዎት። ዕለታዊ ዋጋ ድረ ገጽ ላይ ተከምሮ ሲያረጅ ለቀሪው ጽሑፍም አይበጅም። አንድ የማደርገው ልዩነት ቢኖር የዓመቱን የዋጋ ውጣ ውረድ በክረምት ማብቂያ ላይ ሰብስቦ፣ ሽንኩርት በየትኛው ወር ለምን እንደሚወደድ ገበሬና ነጋዴ ጠይቆ አንድ ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ነው፤ እሱ ለድረ ገጽ የሚገባ ነው።

አንድ ስልክ ብቻ ያለውና በሳምንት ሁለት ሰዓት ተርፎት የሚጽፍ ሰው ከሆኑ ሁሉንም አይሞክሩ። አንድ ድረ ገጽና አንድ ቻናል ይዘው በርቱ።

ቁጥሩ ሲወርድ

“አልጎሪዝሙ ጎዳኝ” ከማለት በፊት የሚመረመር ነገር አለ። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚያስቀምጥ የዘንድሮውን ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ገጽዎ በፍለጋ የታየበት ቁጥር ቀንሶ የደረጃው ቦታ ግን ካልተለወጠ የቀነሰው የፈላጊው ብዛት ነው፤ ምደባው አልፎ ተማሪው ብርዱን ለምዶት ይሆናል። የታየበት ቁጥር እንዳለ ሆኖ ገብቶ ያነበበው ካነሰ ርዕሱን ይመልከቱ፣ ወይም መልሱ ከበላይ በማጠቃለያ እየተሰጠ መሆኑን ይጠርጥሩ። የደረጃ ቦታው ራሱ ከወረደ ያኔ የጎግል ለውጥ ወይም የተሻለ የጻፈ ሰው አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አንድ ወጥመድ አለው። ዐቢይ ጾምና ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ፣ ስለ ሆሳዕና ወይም ስለ ፋሲካ ዶሮ የጻፈ ሰው ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር ቢያነጻጽር የሌለ ውድቀት ያያል። የሚነጻጸረው የበዓሉ ሳምንት ከበዓሉ ሳምንት ጋር ነው።

ጎግል ዋና ዋና ማሻሻያዎቹን ሲጀምርና ሲጨርስ በይፋ ያሳውቃል። የመጋቢት 2024ቱ ተጠናቆ እስኪያበቃ 45 ቀን ፈጅቷል። ሥራው ሳያልቅ ጽሑፍ መሰረዝ፣ ርዕስ መቀያየር፣ ገጹን ማፍረስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ካለቀ በኋላ የወረዱትን ገጾች አንድ በአንድ ከፍቶ ከበላያቸው የወጡትን ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል፦ ያኛው ጸሐፊ የዘንድሮውን የመንገድ ሁኔታ ጽፏል፣ የእርስዎ ጽሑፍ ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት የነበረውን።

የትኛውንም ቢመርጡ ግን የጻፉት ሁሉ ቅጂው በእጅዎ ይሁን። ፌስቡክ የለጠፉትን ሁሉ አውርዶ ለመውሰድ የሚያስችል አማራጭ በማስተካከያው ውስጥ አለው፤ ብሎገርም እንዲሁ፤ ቴሌግራም ደግሞ በኮምፒውተር በሚሠራው መተግበሪያው የቻናሉን ታሪክ በሙሉ ያወጣል። ዳታ በሚገኝበት ሰሞን ያውርዱትና በፍላሽ ያስቀምጡት። ዶሜይን ከገዙም የሚታደስበትን ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውስዎት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ መስመር ተቋርጦ የክፍያው ቀን ቢያልፍ ባሕር ማዶ ያለ ወዳጅ እንዲከፍልልዎት የመግቢያውን መረጃ ለአንድ ለሚያምኑት ሰው አስቀድመው ይስጡ።